አቦል በቆርቆሮ

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ከወንበር ስትነሡ ጉልበታችሁን ደግፋችሁ «እመ ብርሃን» የምትሉ ወገኖቼ፣ ይህን ብሶት ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ቡና ሞቷል። የእድር ጡሩምባ አልተነፋለትም፣ ድንኳን አልተጣለለትም፣ ንፍሮም አልተቀቀለለትም፤ ግን ሞቷል። ገዳዩም ካፌይን የሚሉት ነገር ነው።

ድሮ ካፌይን አልነበረም፤ ቡና ነበር እንጂ። ራስ ሲያም ቡና፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና፣ እንግዳው ሲሄድ ተገላገልን ብለን ቡና፣ ነገር ሲበላሽ ቡና፣ ነገር ሲቃና ደስ ብሎን ቡና። ውስጡ ምን አለ ብሎ የመረመረ ሰው አልነበረም። የሚመረመር ነገር ቢኖር የቆሎው ጨው ብቻ ነበር። አሁን ፋርማሲ የሚማረው የልጄ ልጅ ሲኒዬን ባነሣሁ ቁጥር «አባባ፣ ይሄ ስንት ሚሊ ግራም ይሆናል?» ይለኛል። ሚሊ ግራም! ወርቅ ቤት ነው እንዴ ያለነው?

ነገሩን የቆሰቆሱት ጀርመኖች ናቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1819 ፍሪድሊብ ሩንገ የሚባል ወጣት ኬሚስት ዝነኛውን ባለቅኔያቸውን ጎተን ሊያገኘው ሄደ። ጎተም የቡና ፍሬ አስይዞ፣ እስቲ ውስጡ ያለውን መርምር ብሎ ሸኘው። እዩልኝ እንግዲህ! ሰው ደጅህ ድረስ መጥቶልህ፣ ቆልተህ አፍልተህ በማጠጣት ፈንታ ጥሬውን አስይዘህ ትሸኛለህ? በእኛ ሰፈር እንዲህ ያደረገ ሰው ልጁን ሲድር ድንኳኑ ባዶ ይቀራል። ወጣቱም የታዘዘውን ፈጸመ፤ ከፍሬው ውስጥ ነጭ መራራ ዱቄት አወጣ። ካፌይን የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና እፎይ ብሎ አያውቅም።

በእኛ ጊዜ ቡና ማፍላት ማዕረግ ነበረው። እርጥብ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ፍሙ ላይ እጣን ይጣላል። የታጠበው ቡና ብረት ምጣዱ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ውኃው ይጮኻል፤ ቀጥሎ ገለባው ይራገፋል፤ ቆይቶ ፍሬው ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል። ወዙ ወጥቶ ማብለጭለጭ ሲጀምር ምጣዱ ይነሣና በእንግዳው ሁሉ ፊት ይዞራል፤ ሁሉም ጭሱን በእጁ ወደ አፍንጫው እየሳበ «እሰይ፣ ቤት ለእንግዳ» ይላል። ከዚያ ሙቀጫና ዘነዘና። የዘነዘናው ድምፅ ራሱ ጠሪ ስለነበረ ልጅ እንኳ መላክ አያስፈልግም ነበር። ጀበናው ገንፍሎ ሲወርድ ማቶቱ ላይ ዘንበል ይላል፤ አተላው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓት የሚያይ ሰው አልነበረም። የሚያይ ከነበረ አንድ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ነበር፤ እሱም ጨዋታ የማያውቅ ደረቅ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።

ይህን ሁሉ ድካም እኔ ዕድሜ ልኬን ከወንበሬ ላይ ሆኜ ተቆጣጥሬዋለሁ፤ የደከምኩበትን ነገር ነው የምናገረው። አሁን ባለቤቴ የኤሌክትሪክ መፍጫ ገዝታለች። እርር ብሎ ይጮኻል፣ ዐይን ሳትጨፍን ያበቃል፣ ጎረቤትም አይሰማም። «ዘነዘናው ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ ናፍቆዎት ከሆነ ይውቀጡበት» አለችኝ። እሷም በዘመኑ ተበላሽታለች።

ደግሞ ወደ ጎዳናው ብቅ በሉና እዩ። ሰው ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ፣ የሚጠባበት ቀዳዳ ያለው ክዳን ተደፍቶበት፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ እየሮጠ ይጠጣል። እየሮጠ! በእኛ ጊዜ መንገድ ላይ ቆሎ የቆረጠመ ልጅ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ይቀድመው ነበር። ቡና ቁጭ ተብሎ ነው። ቁጭ ካላሉ ጨዋታ የለም፤ ጨዋታ ከሌለ ምርቃት የለም፤ ምርቃት ከሌለ የጠጣኸው ጥቁር ውኃ ነው። እርግጥ እኔም በጎልማሳነቴ ፒያሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የተከፈተው ቶሞካ ጎራ እያልኩ ቆሜ ጠጥቻለሁ። ያ ግን ሌላ ነው፤ ያ ቁም ነገር ያለበት መቆም ነው። ማኪያቶም ቢሆን የአባቶቻችን ነው። ጣሊያን አምጥቶት ይሆናል፤ እኛ ግን ጣሊያኑን መልሰን ማኪያቶውን አስቀርተናል።

የሚጨምሩበትንስ ታዝባችኋል? ካራሜል ይሉታል፣ ቫኒላ ይሉታል፣ አናቱ ላይ ክሬም ይከምሩበታል። እናንተዬ፣ ቡና ባዕድ ነገር አይወድም! ቡና ንጹሕ ሆኖ ነው የሚጠጣው። ጨው ብቻ፤ ካስፈለገም ቅቤ፤ ጤና አዳም ጣል ቢደረግበት ክፋት የለውም፤ ኮረሪማም ሸተት ቢል አይጠላም፤ ስኳርማ ያው ስኳር ነው። ከዚህ ውጭ ምንም!

ዛሬ ደግሞ ዱቄቱ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅም። በእኛ ጊዜ ይታወቅ ነበር፤ ገብስ ነበር የሚቀላቀልበት። ቡና በጠፋበት በደርግ ጊዜ፣ ከጅማ የሚመጣ ዘመድ ኬላ ላይ እንዳይያዝበት በስንት ብልሃት ሸሽጎ የሚያመጣት ጭብጥ ቡና፣ ከገብስ ጋር ተቆልታ ሰፈሩን ታዳርስ ነበር። ጣዕሙ! እንዲያ ያለ ቡና ዳግመኛ አልጠጣሁም።

ቀዝቃዛ ቡናም መጥቷል። ኮልድ ብሩ ነው ስሙ። የተፈጨውን ቡና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ያሳድሩታል። ምነው፣ ይህን ያህል የታገሠ ሰው ከሰል ለማያያዝ ምን ቸገረው? የቀዘቀዘ ቡና ድሮ የሚሰጠው አርፍዶ ለመጣ ሰው ነበር፤ ሰውየውም ጥፋቱን ያውቅ ስለነበር ዝም ብሎ ይጠጣ ነበር።

ይህም ይሁን። እኔን ያቃጠለኝ ቆርቆሮው ነው። የልጄ ልጅ ለፈተና ሲያጠና ጠረጴዛው ላይ ቀጫጭን ቆርቆሮ ደርድሮ አየሁ። መነጽሬን አጥልቄ አንዱን አነሣሁ። ፊደሉ ለጉንዳን የተጻፈ ይመስል አልነበብ አለኝ፤ ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ መልሼ አርቄ፣ እንደምንም ለቃቀምኩት። በ100 ሚሊ ሊትር 32 ሚሊ ግራም ካፌይን ይላል፤ ቆርቆሮው 250 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሲጠቃለል 80 ሚሊ ግራም። ስኳሩ ወደ 27 ግራም ይጠጋል። ከሥሩ ደግሞ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች እንደማይመከር ተጽፏል። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ማን አስፈለገው? ልጅ ቡና አይቀምስማ! በረካው ከተረፈ ብቻ፣ ያውም ስኳር በዝቶበት፣ ያውም እንዳናለቅስ ሲሉ ነበር የሚሰጡን።

ሌላም አለበት፤ ታውሪን የሚባል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1827 መጀመሪያ የተገኘው ከበሬ ሐሞት ነው፣ ዛሬ ግን በፋብሪካ ይሠራል አለኝ። ያገኙትም እነዚያው ጀርመኖች ናቸው! የሐሞት ዘመድ በቆርቆሮ ታሽጎ! የሐሞት ቦታው እኮ ይታወቃል፤ ጥሬ ጨጓራ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ነው የሚያምረው።

ይህን ነው እንግዲህ ኃይል ሰጪ ብለው የሚሸጡት። ልጁ ራሱ ነው ያጋለጣቸው። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለፋ አንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፤ መቀመጫውን ሲይዝ ሰውየው ድካም ይሰማዋል፣ ዐይኑ ይከደናል። ካፌይን መልኩ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ ይገባና መቀመጫውን ይይዝበታል፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ የእድር ዳኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሩቅ ዘመድ መሆኑ ነው። ዳኛው ቆሞ ይቀራል፣ መልእክቱም አይነገርም። ድካሙ ግን የትም አልሄደም፤ ካፌይኑ ሲነሣ ተራውን ሲጠብቅ የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀመጣል። እስቲ ፍረዱ፣ ይሄ ኃይል መስጠት ነው? ይሄ ወሬ መደበቅ ነው። «ቡናም እኮ እንዲሁ ነው የሚሠራው፣ አባባ» ይለኛል። ቡና አይደብቅም፤ ቡና ያናግራል።

ማናገር ስል ሐሜት ማለቴ አይደለም። ድሮ ቡና ላይ ሰው አይታማም ነበር። ምክር ነበረ፣ ሽምግልና ነበረ፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅ ቅምጥ መያዙን እንኳ የሰማነው ቡና ላይ ነው፤ ያነሣነውም ለምክር ብለን ነው። ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ መከርንበት። እሱ ግን አንድም ቀን አልመጣም።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ለበዓል መጥታ ነበር። ሻንጣዋን ከፈተችና አንድ ከረጢት ቡና አወጣችልኝ። ለኢትዮጵያ ቡና ይዛ መጣች! ይህንንስ ይቅር ብያት ነበር። «ጋሼ፣ ካፌይኑ የወጣለት ነው፤ ለልብዎ ይሻላል» ስትለኝ ግን ልቤ ያን ጊዜ ነው የታመመው። ይህንንም ያመጡት ጀርመኖች ናቸው፤ እነሱ ከቡናችን ጋር ምን እንዳላቸው አላውቅም። ሉድቪግ ሮዜሊዩስ የሚባል የብሬመን ነጋዴ ቡናን ከካፌይኑ የሚያፋታበት መላ አገኘና እ.ኤ.አ. በ1906 ኩባንያ አቋቋመበት። የሚወጣው ካፌይን የሚጣል መስሏችኋል? ይሸጣል! ለለስላሳና ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ይሸጣል። እንግዲህ አስቡት፤ ከእኔ ሲኒ ያወጡትን ለልጄ ልጅ በቆርቆሮ ያመጡለታል፣ ከአንድ ቤት ሁለቴ ያስከፍላሉ። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ዕቃ ለዚያው ቤት ልጅ መልሶ አይሸጥም።

ለእንግዳ ክብር ሲባል አፈላነው። መልኩ ቡና ነው፤ ሽታውም ቡና ነው ማለት ይቻላል። ወደ ማታ ላይ ሦስቱንም ሲኒ ጠጣሁ። ራቴን በልቼ ሳልጨርስ እንቅልፍ ጣለኝ፤ እስኪነጋ አልተገላበጥኩም፣ ሕልም እንኳ አላየሁም። እንዲህ ያለ ቡና ምን ይረባል? ከረጢቱን ለጎረቤት ሰጠሁት።

ጭራሽ ከተፈጥሮው ካፌይን የሌለው የቡና ዛፍ አለ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ናቸው ይፋ ያደረጉት፤ ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከእኛው አገር ተሰብስቦ የሄደ ነው። እኔን አልገረመኝም። ከወገኑ ተለይቶ፣ ቡና ጠጡ የሚለው ጎረቤት በሌለበት ሰው አገር የቆመ ዛፍ ለማን ብሎ ይነቃል?

ሽማግሌ አዲስ ነገር ሁሉ ይጠላል የሚሉን አሉ። ይህ እውነት የሆነባቸው ሰዎች አልጠፉም። የሸዋ ሰው የነበሩት ቅድመ አያቴ ቡና ሳይቀምሱ ነው የሞቱት። በዚያ ዘመን ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ካህናቱ ክርስቲያኑን ይከለክሉ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡ፣ አቡነ ማቴዎስም ነገሩን ሲያለዝቡት ነው ወደየቤቱ የገባው። ቅድመ አያቴ ግን አሻፈረኝ አሉ። «ልጆቹ ጥቁር ውኃ እየጠጡ ሌሊቱን ሲቃዡ ያድራሉ፤ ዘመኑ ተበላሸ» እያሉ ከዘራቸውን ይወዘውዙ ነበር ይባላል። ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው፤ ያልለመዱት ነገር ሁሉ ያስፈራቸዋል። የእኔ ተቃውሞ ግን በማስረጃ ነው፤ ቆርቆሮ መጥፎ መሆኑ ሲያዩትም ያስታውቃል።

ሱስም አለባችሁ ይሉናል። እኛ ሱስ የለብንም፤ ልማድ ነው። ሱሰኛ ማለት ቆርቆሮ ካልጠጣ መጽሐፍ የማይገልጥ ሰው ነው። እኔ ቡና ባላገኝ የሚደርስብኝ ትንሽ ነገር ነው፤ ራሴን ይፈልጠኛል፣ አፌ ይደርቃል፣ ሰው ሲናገር ያስጠላኛል፣ የልጆቼ ስም ይምታታብኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ባለቤቴ ግንባሬን በነጠላ ጠፍንጋ ታስርልኛለች። ልጁ ካፌይን በቀረ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጀምር ራስ ምታት ነው ይለኛል፤ ጭራሹን ካቆሙት ደግሞ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል ይላል። አይደለም፤ ሐራራ ነው። ሐራራ ደግሞ በሽታ አይደለም፤ አንድ ሲኒ ሲቀምሱ ወዲያው ይለቃል።

ሐኪምም ዘንድ ሄጃለሁ፣ አልሄደም እንዳትሉኝ። ቡና ይቀንሱ አለኝ። እኔ ደግሞ የተማረ ሰው አከብራለሁ፤ በቡናና በቡና መካከል ሻይ አስገባሁበት። ይህን ቢሰማ ልጁ ሳቀ፤ ሻይም ካፌይን አለው፣ በኩባያ ቢለካ የቡናን ግማሽ ያህል ነው አለኝ። ኮካም አለው። ሐረሮች ቁጢ ብለው የሚያፈሉት የቡና ቅጠል ሳይቀር አለው። ታዲያ ሰው ምን ይጠጣ? ውኃ? ውኃ በዓመት በዓል ለእንግዳ ይቀርባል?

ሰሞኑን ደግሞ ወረቀት አውጥቶ ማባዛት ጀመረ። ጠዋት ሦስት ሲኒ፣ ከምሳ በኋላ ሦስት፣ ወደ ማታ ሦስት። «አባባ፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤናማ ጎልማሳ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ነው ችግር የለውም የሚለው። በፈረንጅ ትልቅ ኩባያ የተቀዳ ቡና 95 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። የእርስዎ ሲኒ ትንሽ ብትሆንም፣ ዘጠኙ ሲደመር ከእኔ አንድ ቆርቆሮ ሳይበልጥ ይቀራል?» አለኝ። እኔም ቡና አይባዛም አልኩት። በረካ ማለት የአቦሉ አተላ ሦስተኛ ጊዜ ሲፈላ ነው፤ እሱ ለምርቃት እንጂ ለቁጥር አይገባም። ቶናም ቢሆን እንግዳ ላለማሳፈር ነው የሚጠጣው። ስለዚህ በቀን የምጠጣው፣ በሐቁ ከተነጋገርን፣ ሦስት ብቻ ነው።

አላረፈም። ካፌይን ከተጠጣ በኋላ ግማሹ እንኳ ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል ይላል። እሱ እንደሚለው ከሆነ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ግማሹ ከእኔው ጋር አልጋ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። የዘንድሮ ልጅ ሽማግሌ ፊት የማይናገረው ነገር የለም።

እንቅልፍ ግን እውነትም አጥቻለሁ፤ ይህን አልደብቃችሁም። ሌሊቱን ሙሉ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስቆጥር ነው የማድረው። ምክንያቱን ደርሼበታለሁ፤ ፍራሹ ነው። የዘንድሮ ስፖንጅ ሰውን አቅፎ አያስተኛም። ውሾቹም ድሮ ሌባ ሲያዩ ነበር የሚጮኹት፤ አሁን ዝም ብለው ይጮኻሉ። ጎረቤታችንም ዋይፋይ አስገብቷል። እንግዲህ እኩዮቼ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ መላ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ብቅ በሉና ንገሩኝ። 11 ሰዓት ላይ ኑ፤ አቦሉ ሳይቀዳ።